ያለ ማስጠንቀቂያ የዘጋሁት

ለውድ ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህ ደረጃ መውጣቱን እሺ አለህ ወይስ አሁንም ያጉረመርማል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። ዓመት ሙሉ ዝም ማለቴን ግን በሥራ መብዛት አላመካኝም። ፈርቼ ነው።

ከሆስፒታሉ መጋዘን የወጣህበትን ነገር ልናዘዝልህ። ዋርዶቹ ጓንትና መርፌ የሚጠይቁበት፣ አንተ ስንት ቅዳሜህን ገብረህ በኮምፒውተር የሠራኸው ፎርም፣ ስክሪኑ ላይ የሚጫኑት ቁልፎቹ ድንገት አልሠራ ያሉት በእኔ ነው። በኮምፒውተር ባለሙያነት ከተቀጠርኩ ሁለት ወሬ ነበር። ሰነድ ውስጥ የተከተተ ቁልፍ ቫይረስ ሊያስገባ ስለሚችል ይዘጋ የሚል መመሪያ መጣ። የኮምፒውተሩ ማስተካከያ፣ ሴቲንግ የሚሉት፣ ላይ ሁለት ምርጫ አለ፤ አንዱ ተጠቃሚውን አስጠንቅቆ ይጠይቃል፣ ሌላው ያለ ማስጠንቀቂያ ይዘጋል። ነርሶቹ ስክሪኑ ላይ ብቅ የምትለውን ቢጫ ማስጠንቀቂያ ባዩ ቁጥር እየደወሉ መቆሚያ መቀመጫ እንዳያሳጡኝ ብዬ ሁለተኛውን መረጥኩ። በሁሉም ኮምፒውተር ላይ።

ከዚያ ረሳሁት፤ እውነቴን ነው። "ላክ" የሚለውን ቢጫኑት ቢጫኑት ወይ ፍንክች ሲሉኝ፣ ጊዜያዊ ፋይሎችን ሰረዝኩ፣ ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ሌባው እኔው ቤት ተቀምጦ ሦስት ቀን ጎረቤት ስፈትሽ ከረምኩ።

የገዛ ምርጫዬ ትዝ ሲለኝ፣ ፎርሙ ለምን ተበላሸ ተብሎ የተጠራው ስብሰባ አልቆ ነበር። ማዋለጃ ክፍሉ ያለ ጓንት መዋሉ ተነስቶ፣ ሥራ አስኪያጁ ሰውዬው ደክሟል፣ ፎርሙን ነካክቶ አበላሽቶታል፣ ጡረታውን ይውጣ አሉ። አንተም አንዲት ቃል አልተነፈስክም አሉኝ። እኔ ቀስ ብዬ ማስተካከያውን መለስኩ። ፎርሙ ሠራ። አጨበጨቡልኝ ወንድም ጋሼ፤ እኔም ቆሜ አስጨበጨብኩ።

ዕቃህን በካርቶን ይዘህ ስትወጣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገህ አይዞሽ አልከኝ። መጽናናት ያለበት እሱ፣ እኔን ምን አይዞሽ ያሰኘዋል ብዬ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ፎርምህን በአዲስ ተኪ ተባልኩ። "ላክ" ከሚለው ቁልፍ ጀርባ የጻፍከውን ትእዛዝ ስከፍት፣ መሐሉ ላይ ማስታወሻህን አገኘሁት። ቀኑ ከስብሰባው በፊት ያለው ቀን ነው።

"ይህን ለምትጠግኑ፦ ፎርሙ ጤነኛ ነው። የተዘጋው ከኮምፒውተሩ ማስተካከያ ነው። ለጊዜው አልናገርም፤ የዘጋችው ልጅ የሙከራ ጊዜዋን ልትጨርስ አንድ ወር ይቀራታል።"

ሦስቴ አነበብኩት። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ፎርሙን አልተካሁትም። ማስታወሻህን አትሜ፣ የእኔንም ጥፋት በዝርዝር ጽፌ፣ ዛሬ ጠዋት ለሥራ አስኪያጁ ሰጥቻለሁ። አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ስልክ ቁጥርህን ጠየቁኝ። የእኔን ጉዳይ ነገ እናየዋለን ብለዋል። ምንም ይሁን ምን፣ አንተ ግን ሲደወልልህ አንሳ።

ዕድሜህን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትህን ያበርታልኝ።

የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰችው
በሥራ ያገኘሃት ታናሽ እህትህ