አልወረስም ያሉት ወይዘሮ እልፍነሽ ሆርዶፋ (1954–2014 ዓ.ም.)

ወይዘሮ እልፍነሽ ከአባታቸው ከአቶ ሆርዶፋና ከአርሲ በትዳር ከመጡት እናታቸው ከወይዘሮ ማሚቱ፣ ዛሬ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም በቆመበት የእርሻ መንደር በ1954 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በ1972 ዓ.ም. ከአቶ ጉቱ ጋር ትዳር መሥርተው ማኅደርንና ይትባረክን አፈሩ። ወተት እስከ ቦሌ እያደረሱም ሁለቱንም አስተማሩ።

በ1999 ዓ.ም. አቶ ጉቱ በድንገት አረፉ። አርባቸው እንኳ ሳይወጣ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። መሬቱ ለግንባታ ሊፈለግ ነው የሚባልበት ጊዜ ነበርና፣ ይዞታው ከጎሳው እንዳይወጣ የባላቸው ወንድም አቶ ምልኬሳ እንደ ሚስት እንዲወርሷቸው ወሰኑ። አቶ ምልኬሳ ሚስትና አምስት ልጆች ነበሯቸው። ወይዘሮ እልፍነሽን የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

“እኔ ላም አይደለሁም፤ አልወረስም” አሉ። እምቢ ካሉ ልጆቻቸውን ይዘው ግቢውን እንዲለቁ ተነገራቸው።

ይህን የሰማች ሄሊና የምትባል ጠበቃ በነጻ ልትቆምላቸው መጣች። ቦሌ አንድ አዳራሽ ወስዳቸውም “ባህላችን የሴት ጠላት ነው” ብለው እንዲናገሩ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ግን ድምፅ ማጉያውን ይዘው፣ “ልጄ፣ እኔ እምቢ ያልኩት ምልኬሳን ነው እንጂ የእናቴን ባህል አይደለም” ብለው ቁጭ አሉ። ጠበቃዋ ተቀየመች፤ ሽማግሌዎቹም እልፍነሽ ከተማ ወጥታ አዋረደችን ብለው ዛቱ። በዚያ ሳምንት እንቅልፍ ባይናቸው አልዞረም።

በሳምንቱ፣ እናታቸው በሠርጋቸው ቀን የሰጧቸውን ሲንቄ፣ ሴት ስትበደል ይዛው የምትወጣውን በትር፣ አንስተው ወጡ። የመንደሩ ሴቶችም ተከተሏቸው። የአቶ ምልኬሳን ደጅ ዘግተው ሁለት ቀን ሲቀመጡ የአቶ ምልኬሳ ባለቤትም አብረው ነበሩ። ሲንቄ የያዘችን ሴት ጥሶ ማለፍ ትልቅ ነውር ነውና፣ በሦስተኛው ቀን አቶ ምልኬሳ ወጥተው ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ በመንደሩ የተወረሰች ሴት የለችም።

ወይዘሮ እልፍነሽ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2014 ዓ.ም. አርፈዋል። የሁለት ልጆች እናት፣ የአራት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ።

ታመው ሳሉ ሽማግሌዎቹ አልጋቸው ድረስ መጥተው ይህ ነገር በቀብራቸው ላይ እንዳይነሳ ለምነዋቸው ነበር። ወይዘሮ እልፍነሽም፣ “ይነበባል። ልጄ ማኅደር ትጻፈው። እሷ ካነበበችው ግን አጋነነች ትላላችሁ፤ ምልኬሳ ያንብበው” አሉ።

አቶ ምልኬሳም እሺ ብለዋል። አሁን ከፊታችሁ ቆመው ይህን የሚያነቡላችሁ እሳቸው ናቸው።

እግዚአብሔር የእናታችንን ነፍስ በደጋጎቹ እናቶች አጠገብ ያኑርልን።