ቅዳሜ እሳት ያልነደደበት ቤት

አውሮራ፣ ጥቅምት ፲፱፻፹፱

ይድረስ ለእናቴ፤

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ክረምቱ ጠናብሽ ወይስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የምነግርሽ ግን በስልክ የሚባል አይደለምና ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ሎውሪ በሚባለው ሰፈር የምማርበት ኮሌጅ ውስጥ አንድ የድሮ የእንግሊዝ ልብ ወለድ አስነበቡን። ባለታሪኩ በባዕድ ቤት ያድግና ጎልማሳ ከሆነ በኋላ አይሁዳዊ መሆኑን ይሰማል። ይህን የደበቀችው እናቱ ናት። አውቶቡስ ውስጥ ሳነበው መውረጃዬን አለፍኩ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር "ራሴን አሞኛል" ብለሽ እሳት አለማንደድሽ ትዝ አለኝ። በሰማንያ ሦስት ከጎንደር መጥቶ በራችን ላይ የቆመውን ሰውዬ ለጎረቤት "ቢላዋ የሚስል ነው" ብለሽ የሸኘሽው ትዝ አለኝ። አፍንጫው ቁርጥ ያንቺ ነበር። አንቺ ቤተ እስራኤል ነሽ፣ እማዬ።

ለእጮኛዬ ለእንዳልክ ነገርኩት። "ለእናቴ ግን አትንገሪያት። ከተጋባን በኋላ ማን ይጠይቃል?" አለኝ። ክፉ አስቦ አይደለም። አባቴም እንዲሁ ብሎሽ ይሆናል። ሃያ ስምንት ዓመት ራስ ምታት!

ቻምበርስ ሮድ የሚባል መንገድ ላይ ወዳለው የእናቱ የወይዘሮ አያልነሽ ቤት ሄጄ ራሴ ነገርኳቸው። ሻይ ቀድተው ሊሰጡኝ ነበር፤ ስኒውን መልሰው ወደ ራሳቸው ሳቡት። "ይህን ይዘሽ ነው ልጄን የምታገቢው?" አሉኝ። "አዎ፣ እማማ፤ ደብቄ ከማገባው መናገር ይሻላል ብዬ ነው" አልኳቸው። እንዳልክ ከተቀመጠበት ተነሣ፣ ስኒውን ከፊታቸው አንሥቶ ሰጠኝና "ጠጪ" አለኝ። ጠጣሁት።

ባለፈው ማክሰኞ ዴንቨር ማዘጋጃ ቤት ተጋባን። እሳቸው አልመጡም። አንቺም አልነበርሽም፤ ይህ ቆጨኝ።

ሌላም አለ። በምሠራበት የአረጋውያን ቤት የማስታምማቸው አንዲት አይሁዳዊት እስራኤል ላለች እህታቸው ጽፈው በራችን ላይ የቆመውን ሰውዬ ያኔ በነገረኝ ስም አፈላልገውልኝ ነበር። ትናንት መልሱ መጣ። ሰውዬው አጎቴ ነው፤ ቤርሳቤህ ነው ያለው፤ አይወቅስሽም። ሞታለች ያልሽኝ አያቴ፣ እናትሽ፣ በሕይወት አለች። ዓይኗ ደክሟል። ፖስተኛ በመጣ ቁጥር "ከእሷ ነው?" እያለች ትጠይቃለች ይላል።

አድራሻው ከወረቀቱ ጀርባ አለ። እኔን ስለደበቅሽኝ አልቀየምሽም። እሷን ግን አታስጠብቂያት።

የአባቶቻችን አምላክ ዕድሜና ጉልበት ይስጥሽ።

ልጅሽ