መቶ አሥራ ስምንት በማን ክንድ?

ለማከብርሽና ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ የስፌት መኪናው ፔዳል አሁንም ያሳምምሻል ወይ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ፣ እማዬስ ዓይኗ እንዴት ሆነላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። እንዲያውም ሰሞኑን አንጀቴ ቅቤ ጠጥቷል፤ ለምን እንደሆነ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ባለፈው ደብዳቤዬ ከፕሮግራም ሥራ አውጥተው የስካነር መስታወት ወልዋይ እንዳደረጉኝ ጽፌልሽ ነበር፤ ምክንያቱን ግን አፍሬ ደበቅኩሽ። እዚህ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ በወረቀት የተሳለውን የልብስ ንድፍ ከፕሮግራም ሥራዬ ጎን ለጎን እኔ ስካን አደርገው ነበር፤ የሥራ ባልደረባዬ የጻፈው ፕሮግራም ደግሞ በልኩ አትሞ ለቆራጯ ይሰጣታል። ሰውዬውን «ሊቁ» ነው የምንለው፤ ቅጽል ስሙን ያወጣው ራሱ ሳይሆን አይቀርም። አዲሱ ስካነር የመጣ ሰሞን የሸሚዝ ኪስ ሁለት እጥፍ ተኩል ሆኖ ታተመ። ቆራጯ «ይሄ ኪስ እኮ ዶሮ ከነጫጩቶቿ ያስገባል» ብትለው፣ «አንቺ ወረቀቱን ተከተይ» አላት። አንድ ጣቃ ጨርቅ ገደል ገባ። ሥራ አስኪያጁ ሲቆጣ ሊቁ እኔን በጣቱ እያሳየ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «የልብስ ሰፊ እህት ኮምፒውተር ስትነካ ይኸው ነው» አለ። እኔን ብቻ ቢሰድበኝ እችለው ነበር። በአንቺ መርፌ ተምሬ ለዚህ መብቃቴን እያወቀ አንቺን ማንሳቱ ግን አጥንቴ ድረስ ዘለቀ።

ነገሩን በሆዴ ይዤ፣ በምሳ ሰዓት ፕሮግራሙን መስመር በመስመር አነበብኩት። ሲ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ምስል የሚያስቀምጥለት አንድ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት የፕሮግራም ስብስብ፣ አለ። ላይብረሪውን «ይህን ምስል በምን ሪዞሉሽን፣ በምን ያህል የነጥብ ጥግግት፣ ነው የምታስቀምጠው?» ብለሽ ስትጠይቂው ሦስት ነገር ይመልስልሻል፤ በአግድም ስንት ነጥብ፣ በቁም ስንት ነጥብ፣ ከዚያ ደግሞ ነጥቡ የተቆጠረው በኢንች ይሁን በሴንቲሜትር። አዲሱ ስካነር የሚቆጥረው በሴንቲሜትር ስለሆነ መልሱ መቶ አሥራ ስምንት፣ መቶ አሥራ ስምንት፣ ሴንቲሜትር ነው። ሊቁ ሁለቱን ቁጥሮች ተቀብሎ ሦስተኛውን ሳያነብ ጣለው፤ ዓለም ሁሉ በኢንች የሚለካ ይመስለዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሴንቲሜትር እንደ ኢንች ተቆጥሮ ሁለት እጥፍ ተኩል ይለጠጣል። እትዬ፣ አንቺ እኮ ደንበኛ «አራት ክንድ ጨርቅ» ሲልሽ «በማን ክንድ?» ሳትዪ መቀስ አታነሺም ነበር።

ያኔውኑ መናገር እችል ነበር። ግን ለብቻው ብነግረው አርሞት ራሱ እንዳገኘው ያወራል ብዬ ዝም አልኩ፤ ሰው የሚሰበሰብበትን ቀን ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። በመካከሉ የእጅጌ ንድፍ ተበላሽቶ ሌላ ጣቃ ጠፋ። በዚህኛው ሊቁ «ሳታይ ቆረጠች» ብሎ በቆራጯ አላከከና እሷ ከሥራ ታገደች። ያን ጊዜም ዝም አልኩ።

ባለፈው ሰኞ ደንበኞች መጡ። ሊቁ «አጥፊዎቹ ተወግደዋል» ብሎ ደረቱን ነፍቶ፣ በሥራ አስኪያጁ ልክ የተሳለ የሸሚዝ ንድፍ በፊታቸው አተመ። ኮሌታው ወጣ፤ ሥራ አስኪያጁ አንገቱ ላይ ሊለካው ቢል ወገቡ ላይ ዞሮ ገጠመ። ደንበኞቹ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። እኔም መወልወያ ጨርቄን እንደያዝኩ ተነስቼ «መቶ አሥራ ስምንት በማን ክንድ?» አልኩት። ኪቦርዱን ተቀብዬ ሦስተኛውን መልስ የምታነብ አንዲት መስመር ጨመርኩ፤ ኮሌታው በልኩ ወጣ። «ይህን ያገኘችው የልብስ ሰፊዋ እህት ናት» ብዬ ሁሉም እንዲሰማ ተናገርኩ። አሁን መስታወቱን የሚወለውለው እሱ ነው፤ እኔም የጸዳውን «አልጸዳም» እያልኩ አስደግመዋለሁ።

ቆራጯም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አቅፋ ሳመችኝና «አንቺ ባትኖሪ ልጆቼ ምን ይውጣቸው ነበር?» አለችኝ። አሥር ቀን ሙሉ ቤቷ የተቀመጠችው እኔ ዝም ስላልኩ መሆኑን አታውቅም። ትላንት ደግሞ በገዛ እጇ ቆርጣ የሰፋችውን ሸሚዝ አመጣችልኝ። ልክክ ብሎኛል፤ ለብሼው ከቤት መውጣት ግን አቃተኝ። ልንገራት ወይስ ዝም ልበል? እስቲ ይህን ምከሪኝ። ስለ ሊቁ ግን «ይቅር በይው» እንዳትዪኝ፤ ገና አልወጣልኝም።

እማዬን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፣ ሳሉን ቸል እንዳይል። ትልቁ ልጅሽ ትምህርቱን ይበርታ፤ ትንሿን ደግሞ አክስትሽን ናፍቀሻታል በያት።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ
ከፋብሪካው ሦስተኛ ፎቅ
ኅዳር ፲፩ ቀን