ከግራዬ ስትጠሪኝ

ውድ እናቴ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ እንዴት ሆነሽ ያገኝሽ ይሆን? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያንገላታሻል? ዓይንሽስ? እንቅልፍሽስ? የአባዬ ሳል ለቀቀው ወይስ እንደ ልማዱ ደህና ነኝ እያለ ይስላል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር በቁሜ አለሁ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ልጄም ትበላለች፣ ትሮጣለች፣ ትዘፍናለች። ደህና ናት ብዬ ግን አልጽፍልሽም፤ እስከ ዛሬ በስልክ ደህና ናት ያልኩሽ ውሸቴን ነው።

በስልክ ልነግርሽ ሦስቴ ሞክሬ ድምፅሽን ስሰማ ወሬ ቀይሬ ዘጋሁት። ታናሼ ይህን ስታነብልሽ አንድም መስመር እንዳትዘል አደራ በያት። አውቃታለሁ፣ የሚያስለቅሰውን ትዘላለች።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ብርዱ በገባ ሰሞን ልጄን ጉንፋን ያዛት፤ ቆይታ ቀኝ ጆሮዬን አለች። ደወልኩልሽ። ነጭ ሽንኩርት ወቅጠሽ በዘይት አሙቂ፣ ክንድሽ ላይ ሞክረሽ ለብ ሲል ሦስት ጠብታ ጆሮዋ ውስጥ አድርጊ፣ በጥጥ ድፈኚው፣ ጨውም አሙቀሽ በካልሲ ቋጥረሽ ጆሮዋ ላይ ያዢላት አልሽኝ። ሰባት ልጅ ያሳደግሽበት መድኃኒት ነውና አንዲት ነገር አላጎደልኩም።

በአራተኛው ቀን ትራሷ ላይ መግል ፈሶ አገኘሁ፤ ሕመሙም ጥፍት አለ። እንዴት ደስ እንዳለን ታስታውሻለሽ? ክፉው ወጣላት፣ ጨርሶ እንዲጠርግላት ጠብታውን ግፊበት አልሽኝ፤ ገፋሁበት። መግሉን እየጠረግሁ፣ ዘይቱን እያንጠባጠብኩ፣ ጥጡን እየቀየርኩ ሁለት ወር ሄደ። ከምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ፈቃድ ጠይቄ ሐኪም ቤት ልወስዳት እችል ነበር። አልጠየቅሁም፤ ሕመም የለማ!

ያነቃችኝ አስተማሪዋ ናት። ልጅሽን ከቀኝ በኩል ስጠራት አትዞርም ብላ ላከችብኝ። የጆሮ ሐኪሙ በመብራት አይቶ፣ መግሉ የፈሰሰው የጆሮዋ ታምቡር ተቀዶ መሆኑን ነገረኝ። ሕመሙ የቀለላትም ስለተቀደደ እንጂ ስለዳነች አልነበረም። በዚያ ቀዳዳ ነው ዘይት ሳንቆረቁር የከረምኩት። በጊዜው ብትመጪ ኖሮ ይድን ነበር አለኝ፣ ሳይቆጣ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቁስሉ አሁን በመድኃኒት ደርቋል፤ የቀኝ ጆሮዋ መስማት ግን አብዛኛው ሄዷል። ስታድግ ቀዶ ጥገና ይሞከራል፤ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ብሎ ግን ተስፋ አልሰጠኝም።

እሱ ሲናገር እኔ አንገቴን እያዞርኩ ሳዳምጠው ጠረጠረና እኔንም ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ። ግራ ጆሮዬን አይቶ፣ በልጅነትሽ መግል ፈሶሽ ያውቃል ወይ አለኝ። እማዬ፣ የእኔም ተቀዶ ነው የኖረው።

ትዝ ይልሻል፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለች እየተባለ ቤት ሙሉ ሰው ሲስቅብኝ? ጠርተሽኝ ዝም ስል ንቀት መስሎሽ የቆነጠጥሽኝስ? እኔም ትዕቢተኛ ነኝ ብዬ አምኜ ነው ያደግሁት። እዚህም አንሶላ አብራኝ የምታጥፈው ጓደኛዬ በግራዬ ቆማ ስታወራኝ ቆይታ፣ ኩራትሽ ለማን ነው እያለች ስንት ቀን ተኳርፈናል። እኔ የማሽኑ ጩኸት ነው እል ነበር።

አልዋሽሽም፣ ሦስት ቀን ተናድጄብሻለሁ። ስልክሽን ያላነሳሁት ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። በአራተኛው ቀን ግን ያ የጨው ካልሲ ትዝ አለኝ። ጭንሽ ላይ አስተኝተሽኝ፣ እግርሽ እስኪደነዝዝ ሳትነቃነቂ፣ ጨዉ ሲቀዘቅዝ እያስሞቅሽ። እሱንማ ሐኪሙም አልከለከለም፤ እንዳያቃጥላት ተጠንቀቂ፣ ወደ ውስጥ ግን ሐኪም ሳያይ ምንም አይግባ ነው ያለው። አንቺም እኔም ያጠፋነው በምንሳሳላቸው ልጆች ላይ ነው።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ነበር። ግን ሰሞኑን የወንድሜ ሕፃን ጆሮውን እየጎተተ ያለቅሳል፣ ዘይቱን ላሙቅለት ነው አልሽኝ። ወዲያው ለወንድሜ ደወልኩ፤ እናታችን ሰባት ልጅ ያሳደገችበትን አንቺ ልትሽሪ ነው ብሎ ሳቀብኝ። በዚያ ቤት ካንቺ ቃል በላይ ቃል የለም። ስለዚህ አንቺው ተናገሪ። ዘይቱን ድፊው፣ ሕፃኑን ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። መግል ፈሶ ሕመሙ ድንገት ቢጠፋ ደስ አይበላችሁ፤ ያኔ ነው መሮጥ። ወረቀቱን ነገ በሚሳፈር ሰው እጅ የላክሁትም እንዳይዘገይ ብዬ ነው።

አሁን ከልጄ ጋር ስንወጣ በቀኜ አደርጋታለሁ። የእኔ ደህናው ቀኝ ነው፣ የእሷ ግራው፤ እንዲያ ስንሄድ እንሰማማለን። ቦታ ከተቀያየርን ሁለት ደንቆሮ ሆነን እንቀራለን እያልኩ አስቃታለሁ። እሷ ስትስቅ እኔን ያስለቅሰኛል።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ሳሉንም ይታከም በይው። ታናሼን፣ ሳትዘል ካነበበች፣ ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። ወንድሜን መጀመሪያ ተቆጪልኝ፣ ከዚያ ሳሚልኝ። ሚስቱን አይዞሽ በያት። ሕፃኑን ሁለቱንም ጆሮዎቹን ሳሚልኝ።

ስትቆነጥጪኝ ያላለቀስኩት እልኸኛ ሆኜ ነው፤ ይህን አምናለሁ። ስትጠሪኝ አቤት ያላልኩት ግን ንቄሽ አልነበረም፤ አልሰማሁሽም ነበር። አገር ቤት ስመጣ በቀኜ በኩል ሆነሽ ጥሪኝ፣ እማዬ።

ልጅሽ

ከልብስ ማጠቢያው በላይ ካለችው ክፍሌ
ማክሰኞ፣ ጥር 14 ቀን