ማሳዋን አታስይዢ

ለምወድሽ እናቴ፣

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? በደሳ ዝናብ ጣለ? ቡናውስ አበባ ያዘ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። አክስቴም ደህና ናት። ሰላም በይልኝ ብላለች፤ ቀጥላም ሳሙናው ቶሎ የሚያልቀው በእኔ መሆኑን ጻፊላት ብላኛለች። ይኸው ጻፍኩልሽ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስለማልችል ነው። አንቺ «ሃሎ» ስትዪ ድምፄ ይጠፋብኛል። ስልኩም የአክስቴ ነው፤ ስደውል ከአጠገቤ አትነሳም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለገለምሶ ሚኒባስ ረዳት እሰጠዋለሁ፤ ሀሊማ ሱቅ ያደርስልሻል። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጋሽ እንዳሻው ጭሮ መጥተው አክስቴ ቤት ምሳ በሉ። የእኔን የኮሌጅ ክፍያ እሳቸው እንደሚችሉ፣ አንቺም ከአባዬ የቀረችንን የቡና ማሳ በወለድ አገድ ልታስይዣቸው እንደተስማማሽ፣ የፊታችን ቅዳሜ ሽማግሌ ፊት እንደምትፈራረሙ ነገሯት። «ዋናው ብር እስኪመለስ ቡናውን እኔ እለቅማለሁ፤ ወለድ ግን አልጠይቃትም፣ ክርስቲያን ነኝ» አሉ። አክስቴ መረቀቻቸው። እኔ የእጅ ውሃ እያፈሰስኩላቸው ነበር። ቀና ብለው አዩኝና «እንግዲህ አንቺ ዶክተር፣ እኔ ቡና ለቃሚ» ብለው ሳቁ። እኔም ፎጣውን ሰጥቻቸው ወጣሁ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነኝ፤ መልሱ የሚመጣልኝ ጓሮ ከደረስኩ በኋላ ነው።

እማዬ፣ ትምህርቱ የዶክተር አይደለም። የጥርስ ሕክምና ረዳት ነው። በዚያው ኮሌጅ የተመረቀች ዮርዲ የምትባል ልጅ እዚህ ጭሮ ክሊኒክ ትሠራለች። ሥራውን እንድታሳየኝ ለምኛት ሁለት ሦስት ቀን አጠገቧ ዋልኩ። መብራት ትይዛለች፣ ምራቅ በማሽን ትመጥጣለች፣ ዕቃ ትቀቅላለች፣ ስም ትጽፋለች። ጥርስ አትነቅልም። ሀሊማ መንጋጋዋን እኔ እስክመረቅ እንደማታስነቅል፣ «የኛ ልጅ እያለች ኢንሻአላህ በሰው እጅ አልነካም» እንዳለች ነግረሽኝ ነበር። በአላህ ታስነቅለው በያት። ብመረቅም የምይዝላት መብራቱን ነው።

የኮሌጁ ሰውዬ «ተመርቃችሁ ከበር ላይ ነው ቀጣሪ የሚወስዳችሁ» ብሎን ነበር። ዮርዲን ማንም ከበር ላይ አልወሰዳትም። ከግማሽ ዓመት በላይ ቤት ተቀምጣ ነው በወር አራት ሺህ ብር የሚከፈላት ሥራ ያገኘችው። ከዚያ ላይ ሁለት ሺው የቤት ኪራይ ነው። የቀረውን ለምግብ ትበለው ለነጠላ ጫማ፣ አንቺው አስቢው። ለትምህርቷ የተበደረችውን እስካሁን አልጨረሰችም። «ትምህርቱ አንድ ዓመት ነው፤ ዕዳው ግን ገና ይማራል» ትለኛለች እየሳቀች። እኔም በየወሩ ብቆጥብ የጋሽ እንዳሻውን ዋና ብር እስክሞላ ቡናችን ስንቴ ይለቀማል? እሳቸው ይጠጡታል፣ ይሸጡታል፤ ዋናው ግን አይነካም። እኔ ደግሞ መብራት ይዤ እቆማለሁ።

አንድ ቀን ምሳ እየበላን ዮርዲ የሚያስቅ ነገር ልንገርሽ አለችኝ። በኅዳር ሚካኤል ሰሞን አንዲት ሴትዮ ከበደሳ በኩል መጣች። ሐኪሙ የፊት ጥርሷን አይቶ «እማማ፣ ይሄ ጤነኛ ነው፤ ምን አደረገዎት?» ቢላት፣ «እሱስ ምንም አላደረገኝም። ወርቁን ብቻ አውልቅልኝ» አለችው። ከስሩ ያለው የተሞረደ ስለሆነ ቀዝቃዛ ውሃ እንደሚያማት ነገራት። «ለብ አድርጌ እጠጣለሁ» አለች። ወርቁ ወልቆ በጥጥ ሲሰጣት በመዳፏ መዘን መዘን አደረገችውና «ይቺን ነው እንዴ ይህን ሁሉ ዘመን ስስቅባት የኖርኩት?» አለች። ዮርዲ እዚህ ላይ ስትደርስ በሳቅ ፈነዳች። እኔ የጠቀለልኩትን እንጀራ ሳህኑ ላይ መልሼ አስቀመጥኩት።

እማዬ፣ አባዬ ከጅቡቲ ሲመለስ ለእኔ ከረሜላ፣ ለአንቺ ምን እንዳመጣ አስታውሳለሁ። ሰው ሁሉ ሳቂ ሳቂ ይልሽ ነበር። በኅዳር ሚካኤል መጥተሽ የመመዝገቢያውን ብር ስትሰጪኝ እቁብ ወጣልኝ አልሽ። ነጠላሽ ከአፍሽ ላይ አልወረደም። አክስቴ ያቀረበችልሽንም ውሃ ለብ ይደረግልኝ አልሽ። የጭሮ ብርድ ነው ብለሽ ነበር፤ እኔም አመንኩሽ።

ትናንት ኮሌጁ ሄጄ ብሩን እንዲመልሱልኝ ጠየቅሁ። ለመጠየቅ ስንት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ እንደተመለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። የገባ አይወጣም አሉኝ። ከፊቱ አልነሳ ስል ሰውዬው «ሌላስ?» አለኝ። ምንም አልኩና ወጣሁ።

አዝኜብሻለሁ፣ እማዬ። ለምን አልጠየቅሽኝም? እምቢ ማለት የማይቻል ስጦታ እኮ እሱም ዕዳ ነው፤ ከጋሽ እንዳሻው ይልቅ የሚከብደኝ እሱ ነው። አሁን ብማር ማሳዋ ትሄዳለች፤ ብተው ደግሞ የሄደው በከንቱ ሄደ። የሄደው ይበቃናል። የቀረው ላይ አንጨምርበት።

ከሰኞ ጀምሮ ክሊኒኩ ውስጥ እየሠራሁ ነው። ወለል አጸዳለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ። አክስቴ «አስራ ሁለት ዓመት የተማርሽው ለመወልወያ ነው?» ትለኛለች። ትበል። ሐኪሙን ጥርስ ላይ የሚደረግ ነጭ ሽፋን፣ ከሁሉ የሚረክሰው፣ ስንት እንደሆነ ጠየቅሁት። ከደሞዜ በጥቂት በጥቂቱ ሊቆርጥልኝ ተስማምቷል። ይሄም ዕዳ ነው፤ ግን በእሱ ማንም ቡናችንን አይለቅምም። ለማን ነው ሲለኝ ለእናቴ አልኩት። ዮርዲ ዕቃ ከምታደርቅበት ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወዲህ ያን ቀልድ ደግማ አላወራችውም።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ፊት አትቅረቢ። በማለዳው ሚኒባስ ወደ እኔ ነይ። ክሊኒኩ በር ላይ እጠብቅሻለሁ፤ ውሃም ለብ አድርጌ አስቀምጥልሻለሁ። በመንገድ ላይ የሚያስቅ ነገር ካገኘሽ ነጠላሽን አትፈልጊው።

ያባዬን ነፍስ በገነት ያኑርልን። የማሳችንን አበባ ፍሬ ያድርግልሽ፤ ለቃሚውም የራስሽ እጅ ይሁን። ሳቅሽን አይንፈገኝ።

አጠገብሽ ሆና መናገር የማትችለው
ልጅሽ