መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ

ማክሰኞ፣ ጥር 5

ሰውየውን በሚዛን መታችው እየተባለ ይወራል አሉ። ውሸት ነው። ሚዛኑ ብረት ነው፤ ለማንሳት ሁለት ጎልማሳ ይፈልጋል። የመታሁት በማስመሪያ ነው። የእንጨት፣ ባለ አንድ ሜትር። ያውም አንድ ጊዜ፣ ጆሮው ሥር። ወሬም ቢሆን እኮ ልክ አለው።

የቀረው እንደ ሌላው ቀን ነበር። ጠዋት አንድ በረራ። መካኒኩ ዘይት ቀየረ። አምስት ሰዓት ላይ እንጨት ነጋዴው ከሁለት ወንድሞቹ ጋር መጣ፤ ወደ ተራራው ከተማ ሊበር አውሮፕላኗን ተከራይቷል። ደንቤን የማያውቅ የለም። ተሳፋሪ ሁሉ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ዕቃው ለብቻው ይመዘናል፣ እኔ አነባለሁ፣ እኔ የክብደት ቅጹን ሞልቼ እፈርማለሁ። አንድ ሞተር፣ ስድስት ወንበር፣ አጭር ማኮብኮቢያ፣ ጫፉ ላይ ዛፍ። ትርፍ ጭነት ይዛ አትነሳም።

"እማማ፣ እኔ በግ ነኝ እንዴ የምመዘነው?"

"በግ ቢሆኑማ ሳይጨቃጨቁ ይወጡ ነበር።"

ወንድሞቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ወጣ... መቶ አሥራ ስምንት። ሳጥኑ አርባ አንድ፣ የመጋዝ ምላጭ የሞላው። ሳጥኑ ይቀራል አልኩ።

"ሌላ ጊዜ ይሄድ የለም እንዴ!" አለ።

ሌላ ጊዜ? መቼ?

አብራሪው ሳጥኑን ሊያወርድ ጎንበስ አለ። የእህቴ ልጅ ነው፤ እናቱ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አውሮፕላኗም የሁለታችን ናት። ነጋዴው በጉልበቱ ፊቱን አለው። አፍንጫው ተሰበረ፤ ደሙ ቅጹ ላይ ፈሰሰ። ማስመሪያው ያኔ ነው።

በረራው ተሰረዘ።

ረቡዕ፣ ጥር 6

ማስመሪያውን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ፈርቼ አይደለም። ደስ ብሎኝ ነበር... ሲያርፍበት፣ ድምፁ። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። አርባ ዓመት ሂሳብ ሳስተምር አንድ ልጅ አልመታሁም። እኔን ግን በእንዲህ ያለው ማስመሪያ ጣቴ እስኪያብጥ መትተውኛል። ከየት መጣብኝ ብዬ መገረም ሞኝነት ነው።

ዓርብ፣ ጥር 8

መጡ። ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ። ነጋዴውና ወንድሞቹ፣ ሦስቱም መዶሻ ይዘው።

መጀመሪያ የአውሮፕላኗን የፊት መስታወት። ከዚያ ፕሮፔለሩን፣ እስኪጣመም። መካኒኩን በርሜሉ ላይ ገፈተሩት፤ መነሳት አቃተው። ትንሹ ወንድም እኔን ግድግዳ ላይ አጣብቆ አፌን በመዳፉ ያዘ። ነከስኩት። የቀሩኝ ጥርሶች ደህና ናቸው። ጮኸ፣ ግን አልለቀቀኝም። ስለዚህ ሁሉንም አየሁ።

የልጄን ቀኝ እጅ ክንፏ ላይ አጋደሙት። ነጋዴው መታው። የመጀመሪያው ይበቃ ነበር። ሁለተኛ ጨመረ። ሦስተኛ።

"አሁን መዝኚው!" አለኝ።

ከሰሰናቸው። ሐኪሙ ጣቶቹ ይድናሉ ይላል፤ ጊዜ ይፈልጋሉ እንጂ።

እሑድ፣ ጥር 10

ትንሹ ወንድም በር ላይ ቆሟል። እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል።

"እሜቴ፣ ክሱን ይተዉት።"

"ቁስልህን አሳየህ? አፌ ንጹሕ አይደለም።"

"አይቀልዱ። የሐሙስ ሐሙስ ቅጾችን ይመልከቱ። ካልተዉት እኛ እናወጣቸዋለን።"

ሐሙስ ሐሙስ የዓይን ሐኪም ዘንድ ነኝ። ሚዛኑን ለአብራሪው አደራ ብዬ እሄዳለሁ... መዝገቡን ከፈትኩ። አራት ሐሙስ። ነጋዴው፦ ሰማንያ አራት ኪሎ። ዕቃ፦ አሥር። ፊርማ፦ የኔ። ያልፈረምኩት የኔ ፊርማ።

ሆስፒታል ሄድኩ። ቅጾቹን አልጋው ላይ ዘረጋሁ። አየ። አልካደም።

"እቴቴ፣ ደንበኛችን ነው። እምቢ ብንለው ሌላ ጋ ይሄድ ነበር።"

"የኔን ስም ጻፍክ።"

"አራት ጊዜ በረርን። ምን ሆንን?"

"ዛፎቹ ጋ ስትደርስ?"

በፋሻ የታሰረ እጁን ብርድ ልብሱ ሥር ደበቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "አንድ ጊዜ... ጎማው ላይ ቅጠል ነበር።"

በጥፊ አጮልኩት። ያበጠውን ጉንጩን። ነርሷ ሮጣ መጣች፤ "እማማ፣ ምን ነካዎት! በሽተኛ ነው እኮ!" እሱ አላለቀሰም። እኔ ነኝ ኮሪደሩ ላይ... ይበቃል።

ሰኞ፣ ጥር 11

መካኒኩን ጠየቅሁት። ታውቅ ነበር? ጫማውን እያየ፣ "ቅጠሉን ያጠብኩት እኔ ነኝ" አለ። ውጣልኝ አልኩት። ወጣ። ብዙ ሳይርቅ መልሼ ጠራሁት። ሞተሩን ማን ይፈታል?

ከሰዓት በኋላ ልጁ ዘንድ ነበርኩ። ነገሩ ግልጽ ነው። ክሱን ብተው ቅጾቹ ተቀብረው ይቀራሉ፤ እጁ ሲድን ይበራል፤ ነጋዴውም ነገ ሌላ ሰው ላይ መዶሻ ያነሳል። ባልተው የማብረር ፈቃዱን ይነጠቃል። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው።

"ሌላ ምን ሥራ አውቃለሁ፣ እቴቴ?"

ብርድ ልብሱን አስተካከልኩለት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እነሱ ያወጡታል ብዬ እየፈራሁ መኖር አልችልም። እሱም ቢሆን... ያቺን ቅጠል እያሰበ እንደገና ሰው ጭኖ ሊነሳ ነው? አይሆንም። እኔ እያለሁ አይሆንም።

ነገ ከሁሉ በፊት፣ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ በር ሲከፈት መገኘት። አራቱንም ቅጾች ማስረከብ፤ ሐሙስ ሐሙስ ሚዛኑን ጥዬ መሄዴንም በራሴ አፍ መናገር። ቀጥሎ ፖሊስ ጣቢያ፤ ክሱ ይቀጥል ብሎ መፈረም። ከዚያ ገበያ፤ ለስላሳ ነገር፣ ሳያኝክ የሚውጠው። ስድስት ሰዓት ላይ ሆስፒታል። ምን እንዳደረግሁ ከሌላ ሳይሰማ ራሴ እነግረዋለሁ። ከዚያ ምሳውን አበላዋለሁ። አፉን ካልከፈተልኝ ማንኪያውን ይዤ እቀመጣለሁ።