በድንጋዩ ላይ ያልተጻፉት አሥራ አንዱ

ለውድ ወንድሜ ለሆሊስ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ወገብህስ ትንሽ ለቀቅ አደረገህ? ናዲንስ ጉልበቷ ደረጃ መውጣት ቻለላት? የማርቫ ልጅ ጥርስ አወጣች ብላችሁኝ ነበር፤ አሁን መራመድ ሳትጀምር አትቀርም። እኔ ከሐዘኑ በቀር ደኅና ነኝ። ቤቱ ግን ዝም ብሎብኛል፤ የአባባን ሳል ሃያ ዓመት ለምጄው እንቅልፌን የሚያባንነኝ ዛሬ ሳሉ ሳይሆን አለመሰማቱ ሆኗል።

ቴሌግራሜ እንደ ደረሰህ ከመልስህ አውቄያለሁ። ሐኪም ከአልጋ አትውረድ ያለውን ሰው ለምን አልመጣህም የሚል የለምና ራስህን አትውቀስ። ይህን የምጽፍልህ ስለ ሌላ ነገር ነው። የአክስታችን ልጅ ቨርኔል ስልክ ደውላ በአባባ ቀብር ላይ ሰባት ሰው ብቻ እንደ ቆመ ሳትነግርህ አትቀርም። እውነቷን ነው። ሠላሳ ዓመት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የነበሩት ሰው ሬሳቸውን የሚያነሣ ጠፍቶ የአስከሬን ሣጥኑን የቀብር ድርጅቱ ሠራተኞች ተሸከሙት። ምክንያቱን ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ስማው።

ነገሩ የተነሣው ከመጽሐፉ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ዘንድሮ መቶ ዓመት ስለሚሞላት ፓስተር ሎውሪ ባለፈው ጸደይ ታሪኳን እንድጽፍ ጠየቁኝ። “የመንደሩን ልጅ ሁሉ ፊደል ያስቆጠርሽ አንቺ፤ ሌላ ማን ይጽፈዋል?” ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም። ቤት ለቤት እየዞርኩ ፎቶግራፍ ለቀምኩ። ማን ከማን እንደ ተጋባ፣ ማን ወንዙ ውስጥ እንደ ተጠመቀ፣ በጎርፉ ጊዜ ማን ማንን ከጣራ ላይ እንዳወረደ ጻፍኩ። የከሰል ጉድጓዱ ፍንዳታ ላይ ስደርስ በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ካለው የሟቾች መታሰቢያ ድንጋይ ሃያ ሦስቱን ስሞች ገለበጥኩና ምዕራፉ አለቀ አልኩ። አንተ ያኔ አሥር ዓመትህ ነበር። ጡሩምባው ሲጮህ እጄን ይዘህ እስከ ጉድጓዱ አፍ እንደ ሮጥን አትረሳውም።

ከወንዝ ማዶ ያሉትን ወይዘሮ ሉቬንያ ቲልማንን ታውቃቸዋለህ፤ ለእማማ ልብስ ይተኩሱላት የነበሩት ናቸው። የጥቁሮቹ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ የቀራት አራት ምእመን ብቻ ነው። የድሮ የጥምቀት ፎቶግራፍ ቢኖራቸው ብዬ ሄድኩና ስለ መጽሐፉ አጫወትኳቸው። “ድንጋያችሁ ላይ ስንት ስም አለ?” አሉኝ። ሃያ ሦስት አልኳቸው። “ገብተው የቀሩት ሠላሳ አራት ናቸው። የአሥራ አንዱን ሸሚዝ አጥቤ የሰደድኩ እኔ ነኝ” ብለው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አወጡ። በብሉይና በሐዲስ ኪዳን መካከል ባለው ባዶ ገጽ ላይ አሥራ አንድ ስም በእርሳስ ተጽፏል፤ የመጀመሪያው ባላቸው ሩፈስ ነው። ኩባንያው ያኔ “እዚያው ባሉበት ነው የቀሩት፤ ምንም አልተሰማቸውም” ብሏቸው ነበር። “ያችን ቃል ተንተርሼ ነው የኖርኩት” አሉኝ።

በማግስቱ ለአባባ የበቆሎ ዳቦ በአሬራ ነክሬ እያጎረስኳቸው ስሞቹን አነበብኩላቸው። ማንኪያውን በእጃቸው ገፉት። “ጉድጓዱ ውስጥ ሥራ ስጀምር የዋሻውን ጣሪያ የሚደግፈውን እንጨት አቋቋም ያስተማረኝ ሩፈስ ነው” አሉ። ከዚያ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ እያረፉ ነገሩኝ። አሥራ አንዱ በግራው ዋሻ ውስጥ ነበሩ፤ ፍንዳታው አልገደላቸውም። አለቃው እሳቱ እንዳይዛመት ዋሻውን ዝጉት ብሎ አዘዘ። መዝጊያውን ጡብ የደረደሩት አባባና የዛሬው የበዓል ኮሚቴያችን አባል የክሎቪስ ሃቸር አባት ናቸው። “ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ቧንቧ ላይ ጆሮዬን አደረግኩ። ያንኳኩ ነበር። ሦስቴ፣ ከዚያ ዝም። ደግሞ ሦስቴ። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ” አሉኝ።

ለምን ለሰው አልነገሩም አልኳቸው። “ለማን? እዚያ የቆመው ሁሉ ሰምቷል” አሉ። ከዚያ “ነጮች ቢሆኑ ኖሮ ጡቡን በጥርሴም ቢሆን አፈርሰው ነበር። ለማንም ያልተናገርኩት ይህን ነው” አሉኝ።

ሆሊስ፣ ሳይጸልዩ እህል የማያስቀምሱን አባታችን ናቸው ይህን ያሉኝ። ሳህኑን አንሥቼ ወጣሁ።

ሳምንቱን ሙሉ “ውሰጂኝ” ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ቅዳሜ በመኪናዬ ወንዙን አሻግሬ ወሰድኳቸው። ወይዘሮ ሉቬንያ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር። አባባ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ምንም ሳያስቀሩ ነገሯቸው። የሴትየዋ እጅ ከባቄላው አልተነሣም። በመጨረሻ “እስከ ሐሙስ?” አሉ። “እስከ ሐሙስ” አሉ አባባ። ወይዘሮ ሉቬንያ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠሯቸው የኖሩበትን “አቶ ፕሩዊት” ትተው፣ “አልቫ፣ አንተ እንቅልፍ አጥተህ ኖረሃል፤ እኔ ግን እተኛ ነበር። ዛሬ የእኔን ወስደህ ልትተኛ መጣህ። ተነሥና ሂድልኝ” አሏቸው። ደግፌ አስነሣኋቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ አባባ እህል እምቢ አሉ። ባልወሰድኳቸው ኖሮ እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ እንዴት አልወስዳቸውም እላለሁ።

ምዕራፉን አዲስ አድርጌ ጻፍኩት፤ አሥራ አንዱን ስም፣ ጡቡንና የደረደሩትን ሰዎች ሁሉ። ክሎቪስ በኮሚቴው ፊት “የወንዝ ማዶ ሰው የራሱን መጽሐፍ ይጻፍ። የሞተ አባቴንም ከመቃብር ጎትተሽ አታውጪብኝ” አለኝ። የእኔን አባት ገና ሳይሞቱ ነው የጻፍኳቸው አልኩት። ፓስተር መስኮት መስኮቱን እያዩ “እውነት ሁሉ ለበዓል አይሆንም፣ አርዲት” አሉ። ድምፅ ተሰጠ። መጽሐፉ ያለ ምዕራፉ፣ ስሜ ግን ሽፋኑ ላይ እንዳለ ታተመ።

የበዓሉ እሑድ ተነሥተሽ ምስጋና ተቀበዪ ሲሉኝ ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ የወጣው ክሎቪስ ነው። አምስተኛው ስም ላይ ፒያኖ መቺዋ መዝሙር ጀመረችብኝ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ ቀጠልኩ። ስጨርስ በወንበሮቹ ላይ የቀሩት ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ። ቤት ገብቼ ለአባባ ነገርኳቸው። “ሁሉንም አነበብሽው?” አሉኝ። ሁሉንም አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ረቡዕ ዐረፉ።

ከቀብሩ በኋላ ወረቀቱን ይዤ ወደ ወይዘሮ ሉቬንያ ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርገው “ይቅርታ ፈልገሽ እንደሆነ የለኝም” አሉኝ። ስሞቹን በትክክል ጽፌ እንደሆነ እንዲያዩልኝ ነው አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው እዚያው ደጃፉ ላይ እንደ ቆሙ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ዘጠነኛው ላይ ቆሙና “ኤሊስ አይደለም፤ ኢላይስ ነው። እናቱ ብትኖር ታርምሽ ነበር” አሉኝ። በርጩማ እንኳ ሳይሰጡኝ ግድግዳው ላይ አስደግፌ አረምኩት። ወረቀቱን ተቀብለው በሩን ዘጉ።

ምዕራፉን በትምህርት ቤቱ ማባዣ አባዝቼ ለሚቀበለኝ ሁሉ ልሰጥ ነው። የአባባ ስም የአንተም ስም ነውና ሳልነግርህ ላደርገው አልወደድኩም። ብትቆጣም ተቆጥተህ ጻፍልኝ። ዝም ብቻ አትበለኝ።

ናዲንን “ይህን ሁሉ ጊዜ ሳልጽፍልሽ ስለቀረሁ ጉልበትሽን ይዤ ማሪኝ እልሻለሁ ብላለች” በላት። ማርቫን ሳምልኝ፤ ሕፃኗንም በሁለቱም ጉንጮቿ። ጎረቤትህን አቶ ሊንድክቪስትን አንተን ሐኪም ቤት ስላመላለሱልኝ አመስግንልኝ። ወገብህን ጠብቅ።

እኅትህ አርዲት
ሶረል ክሪክ፣ ኬንታኪ
ኦክቶበር 27 ቀን 1966